የሰፈር ሙዚቀኞችን ይዞ የእርዳታ ኮንሰርት ማዘጋጀት፦ ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ መጨረሻው ደረሰኝ

ከአዲስ አበባ ዳር ባሉ ሰፈሮች ሰው ሲታመም ወይም ልጆች ደብተር ሲያጡ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ አንድ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ይዝፈኑ፣ ትኬት እንሽጥ፣ ገንዘብ እናሰባስብ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚታየው ማታ ነው። ሰዉ ጨፍሮ ሄዷል፣ ሙዚቀኞቹ ላባቸውን እየጠረጉ ዕቃ ይሰበስባሉ፣ ኮሚቴው ብር ይቆጥራል። ለሳውንድ ተከፈለ፣ ለጄኔሬተር ተከፈለ፣ ለወንበር ተከፈለ። የቀረው የአንድ ሳምንት የኩላሊት እጥበት አይሸፍንም።

እኔ በነበርኩበት የመጀመሪያው ኮንሰርት እንዲህ ሆነ። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠርን፤ ማመን አቅቶን ነው። አዳራሹ እኮ ሞልቶ ነበር። ስናጣራ የሰረቀ ሰው የለም፤ ገንዘቡን የበላው ቀድመን ያልተነጋገርንበት ነገር ሁሉ ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ያዙት። ደረጃ አትዝለሉ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያስፈልጋችኋል። ያላችሁ ሁለት ሳምንት ብቻ ከሆነ ኮንሰርቱን ተዉትና ቤት ለቤት አሰባስቡ፣ ይሻላል።

1. ከሙዚቀኛው በፊት ቁጥሩን ያዙ

"የቻልነውን ያህል እናሰባስባለን" አትበሉ። የምትረዷት የኩላሊት እጥበት የሚደረግላት እናት ናት እንበል። እጥበቱ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው። ከምትታከምበት ቦታ የአንዱን እጥበት ዋጋ ማኅተም ባለበት ወረቀት አስወጡ። በሳምንት ሦስት ከሆነ የስምንት ሳምንቱ 24 እጥበት ነው፤ ዋጋውን በ24 አባዙት። ግባችሁ ያ ነው። ፖስተሩ ላይም "24 እጥበት" ብላችሁ ጻፉ፣ ምክንያቱም ሰው መቶ ብር ሲሰጥ መቶው ብር የት እንደገባ ሲያውቅ ሁለተኛ መቶ ያወጣል።

ቀጥሎ በሌላ ወረቀት ወጪውን በሙሉ ዘርዝሩ፦ ሳውንድ፣ ጄኔሬተርና ቤንዚን፣ ድንኳን፣ ወንበር፣ መድረክ፣ የትኬት ሕትመት፣ ጥበቃ፣ የሙዚቀኞች ትራንስፖርትና ምግብ። ከእያንዳንዱ ወጪ ጎን የሚሸፍነውን ሰው ወይም ሱቅ ስም ጻፉ። ከብሎኩ ሥር ያለው ሱፐርማርኬት ወንበሩን፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ጄኔሬተሩን፣ ሻይ ቤቷ ምግቡን። እዚህ ላይ ጨክኑ፦ ትኬት መሸጥ ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱ ወጪ ባለቤት ይኑረው። ከትኬት ብር አንድ ሳንቲም ለወጪ አይነካ። አንድ ሳምንት ሲቀር ባለቤት ያላገኘ ወጪ ካለ ሰርዙት። መድረኩ ይቅር፣ ምንጣፍ ይነጠፍ። ትልቁ ስፒከር ይቅር፣ ሁለት ትንንሽ ይበቃል።

የታማሚዋን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ ፎቶዋ ይለጠፍ አይለጠፍ፣ ስሟ ይጠራ አይጠራ፣ እሷ ትወስን። መድረክ ላይ አታውጧት። በእጥበት ላይ ያለ ሰው ቶሎ ይደክማል፣ በሕዝብ መሀል ጉንፋንም ሌላም ይይዘዋል። ደግሞም ሰው ፊት ቆሞ መለመን ምን እንደሚመስል አስቡት።

2. አካውንት

በአዘጋጁ የግል አካውንት ብር አታስገቡ። ሰውየው ታማኝ ቢሆንም አታስገቡ፤ በኋላ ሐሜቱን የሚሸከመው እሱ ነው። በሦስት ሰው ስም፣ በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ አካውንት ክፈቱ። ከሦስቱ አንዱ ከቤተሰቡ ወገን ይሁን። ከሰፈር ወጥታችሁ ከሰፊው ሕዝብ ልትሰበስቡ ካሰባችሁ ግን ነገሩ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ያኔ ከተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ተዋዋሉና በእሱ ደረሰኝ ሥሩ።

3. ቀን ስትመርጡ

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ክረምት ነው፣ እርሱት። ጥር ጥሩ ይመስላል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ግን የሰርግ ወር ነው። በየቅዳሜና እሁዱ ሳውንዱም፣ ኪቦርድ ተጫዋቹም፣ ድንኳኑም ሰርግ ላይ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜም ያው ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ብዙ ዘፋኝ አይዘፍንም፣ ታዳሚውም አይመጣም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚገባ የዘንድሮውን አረጋግጡ። ይሄ ሁሉ ተቀንሶ የሚተርፈው ምርጥ ጊዜ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር 14 ያለው ነው።

ቀኑ እሁድ ይሁን፣ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል። ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ያልኩት ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ምሳ እስኪበላ ነው። 11 ተኩል ላይ የሚያልቀው ደግሞ 12 ሰዓት ሲሆን ስለሚጨልም ነው። ዳር ሰፈር ከመሸ ታክሲ የለም። ከአያት ወይም ከቃሊቲ ወዲያ ያለ ሰው ይሄን ያውቃል፤ ሰው 11 ሰዓት ላይ ሰዓቱን ማየት ከጀመረ ዘፈኑን አይሰማም፣ ለጨረታም እጁን አያወጣም። በአቅራቢያው መስጊድ ካለ የአስር ሶላትን ሰዓት ጠይቁና እረፍቱን እዚያ ላይ አድርጉት።

4. ደብዳቤውን ለትክክለኛው ቢሮ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ቦታው በአዲስ አበባ ወረዳ ነው ያለው ወይስ በሸገር ከተማ? በ2015 ሸገር ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ አንዱ ብሎክ ወዲህ፣ ማዶ ያለው ሜዳ ወዲያ የሆነበት ሰፈር አለ። አድራሻችሁ ሳይሆን ኮንሰርቱ የሚደረግበት ቦታ ነው የሚወስነው። በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። በሸገር በኩል ከሆነ ደብዳቤውን በአፋን ኦሮሞም አዘጋጁ፤ የመሥሪያ ቤቱ የሥራ ቋንቋ ነው፣ ነገሩም ይፈጥናል።

ደብዳቤውን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ለወረዳው አስገቡ፣ ግልባጩን ለፖሊስ ጣቢያውና ለሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ አድርሱ። ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ቦታ፣ የሚጠበቀው ሰው ብዛት፣ ዓላማው፣ የሦስት ኃላፊዎች ስምና ስልክ ይኑርበት። በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። መዝገብ ቤት አንዱን ተቀብሎ እናንተ እጅ በሚቀረው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር እንዲያሰፍር አድርጉ። ያለዚያ "ደብዳቤ አልደረሰንም" ስትባሉ የምታሳዩት የላችሁም።

መልስ ከዘገየ በየሦስት ቀኑ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። ኮንሰርቱ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ፈቃድ ካልመጣ ቀኑን ግፉት። ፈቃድ ሳይያዝ የተጀመረ ኮንሰርት መሀል ላይ ሲቆም ትኬት የገዛው ሰው ሁለተኛ አያምናችሁም።

5. ከሙዚቀኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር

በሰፈሩ ማን እንዳለ ቁጠሩ፦ ሰርግ ላይ የሚሠሩ ልጆች፣ ማሲንቆ የሚጫወት አዝማሪ፣ የወረዳው የኪነት ቡድን፣ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ካለም እሱ። ከአምስት ስብስብ በላይ አትያዙ። ለሦስት ሰዓት ተኩል አምስት በቂ ነው፤ ስምንት ሲሆን ግማሹ ሳይዘፍን ይመሻል፣ ሳይዘፍን የመሸበት ልጅ ደግሞ እናቱን ይዞ መጥቶ ነበር።

"በነጻ ነው የምትዘፍኑት" ማለት ምንም አይከፈላቸውም ማለት አይደለም። ማሲንቆ ይዞ በሁለት ታክሲ የሚመጣ ሰው ከኪሱ አውጥቶ መመለስ የለበትም። ለእያንዳንዱ የትራንስፖርት በፖስታ አዘጋጁና ከመዝፈኑ በፊት ስጡት። ምሳ 6 ሰዓት ላይ ይቅረብ፣ ጾም ከሆነ የጾም። ውኃ መድረኩ ሥር ይቀመጥ።

አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ። ይሄ ይኑርበት፦

- የመድረሻ ሰዓትና የመድረክ ሰዓት (ሁለቱ ይለያያሉ)
- ስንት ዘፈን፣ ስንት ደቂቃ
- ምን መሣሪያ ይዞ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚፈልግ
- የትራንስፖርቱ መጠን
- ቪዲዮው ማን ጋ እንደሚቀርና የት እንደሚለቀቅ
- የሽልማት ብር የማን እንደሆነ

የመጨረሻዋን መስመር የጨመርኳት ተምሬ ነው። በዚያ የመጀመሪያው ኮንሰርት አንድ ልጅ ሲዘፍን ሰዉ እየወጣ ግንባሩ ላይ ብር ለጠፈ። ሲወርድ አየሁት፤ ሁለት ባለ መቶ በላብ ግንባሩ ላይ ተጣብቀው ነበር፣ ደረቱ ውስጥ የገባም አለ፣ መሬት የወደቀውን ሕፃናት ያቀብሉታል። ይዞ ቆመ። ለኮሚቴው ይስጥ? ለራሱ ይያዝ? እሱም አያውቅም፣ እኛም አናውቅም። አንዱ "የታማሚዋ ነው" አለ፣ አንዱ "ለሱ ነው የሸለሙት" አለ፣ ልጁ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቅር ብሎት ሄደ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት አልዘፈነልንም።

ስለዚህ ቀድማችሁ ወስኑ። እኔ የምመክረው ሽልማቱ በሙሉ ለዓላማው እንዲሆንና ሙዚቀኛው ይሄን በፊርማው እንዲያውቅ ነው። ግን ኑሮው ሽልማት የሆነ አዝማሪ ከሆነ ከስፖንሰር የተገኘ ቁርጥ ክፍያ ስጡት፤ የቀኑን እንጀራ ይዞ እንዲገባ። የመድረክ መሪው ገና ሲጀምር "ዛሬ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ሁሉ ወደ እጥበቱ ነው የሚሄደው" ብሎ ይናገር። ከዘፋኙ ጎን ሰፌድ ይዘው የሚቆሙ ሁለት ሰዎች መድቡ፤ አንድ ሰው ብቻ እንዳይሆን።

አዝማሪው "ተቀበል" ሲባል ሰው ያለውን ግጥም ይቀበላል። ለእርዳታ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ የሰጠውን ሰው በስሙ ሲያወድሰው ጎረቤቱም ኪሱን ይዳብሳል። ግን ዘር የሚነካ፣ ፖለቲካ ያለበት ወይም ሰው የሚያዋርድ ግጥም ከመጣ እንዳይቀበል ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጥሩ አዝማሪ ግጥሙን አዙሮ ያሳልፈዋል፣ ነገር ግን ከኋላው እንደቆማችሁ ማወቅ አለበት።

የሌላ ዘፋኝ ሥራ የሚዘፈን ከሆነ የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) ይመለከታችኋል። የምታገኟቸውን ባለመብቶች ለእርዳታ እንደሆነ ገልጻችሁ አስፈቅዱ። ቪዲዮውን ኢንተርኔት ላይ የምትለቁ ከሆነማ ግዴታ ነው።

6. የዘፈኖቹን ተራ በቅኝት አድርጉ

ይሄን የሚያደርግ ኮሚቴ ብዙም አላየሁም፣ ኮንሰርቱ የሚቀዘቅዘው ግን እዚህ ጋ ነው። ክራር የሚቃኘው ለአንድ ቅኝት (ዘፈኑ ለሚሄድበት የድምፆች አደራደር) ነው። ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ለመሄድ ተጫዋቹ ሁለትም ሦስትም ክር ማላላት ወይም ማክረር አለበት። በጫጫታ መሀል፣ አምስት መቶ ሰው እያየው፣ ይሄ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። አምስት ደቂቃ ዝምታ ሲሆን ሰው ወደ ማኪያቶው ይሄዳል።

እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ከሁሉም ሙዚቀኛ የዘፈን ዝርዝር ተቀበሉ፣ ከጎኑ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ መሆኑን አስጽፉ።

ለ. አንድ ቅኝት ያላቸውን አከታትሉ። የትዝታዎቹ አብረው፣ የባቲዎቹ አብረው።

ሐ. ቅኝት የሚቀየርበት ቦታ ላይ ንግግር ወይም ጨረታ አስገቡ። ክራሩ ከመድረክ ጀርባ ይቃኛል፣ ሰዉም አይሰላችም።

መ. ዋሽንት ተጫዋቹን የትኞቹን ዋሽንቶች ይዞ እንደሚመጣ ጠይቁ። ዋሽንት እንደ ክራር አይቃኝም፣ ሲቆረጥና ሲበሳ ድምፁ ተወስኗል። ስለዚህ ኪቦርዱ ነው ወደ ዋሽንቱ የሚሄደው፤ ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ (ትራንስፖዝ አድርጎ) ይከተለዋል።

ሠ. ሁለተኛ ክራር መዋስ ከቻላችሁ አንዱ ለትዝታ፣ አንዱ ለአምባሰል ተቃኝቶ ይቀመጥ። ችግሩ በዚሁ ያልቃል።

ካልተሳካና ክራሩ መድረክ ላይ ከሳተ? ከበሮው ብቻውን ይግባ፣ ጭብጨባ ይጀመር። ከበሮ ቅኝት አይፈልግም።

መሣሪያዎቹን ከቀጥታ ፀሐይ አርቁ። ክራር በ8 ሰዓት ፀሐይ ተቃኝቶ 11 ሰዓት ላይ ብርዱ ሲመጣ ሌላ ድምፅ ነው የሚሰጠው፤ ከመውጣቱ በፊት በድጋሚ ይፈተሽ። ከበሮ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እርጥበት ሲነካው ቆዳው ይላላል፣ ድምፁ ይታፈናል፣ ለትንሽ ጊዜ ፀሐይ ቢመታው ይመለሳል።

7. መብራትና ድምፅ

አንድ ግድግዳ ላይ ያለ 16 አምፔር ሶኬት በ220 ቮልት ሲባዛ 3,500 ዋት ገደማ ነው የሚችለው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ያንን ያህል ይወስዳል። በኮሚናሉ (በኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ቤት) ውስጥ እናቶች ለእንግዳ እንጀራ እየጋገሩ፣ ውጭ ሳውንዱ ከዚያው መስመር እየጠጣ፣ ብሬከሩ ቢወርድ ማንም ጥፋተኛ አይደለም። እንጀራው ቅዳሜ ይጋገር። የፈንዲሻ ማሽንና የሻይ ማፍያ በሌላ መስመር ይሂዱ። በሳውንዱ ዲቫይደር ላይ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው እንዳይኖር አንድ ሰው ይጠብቅ።

ጄኔሬተር በተጠባባቂነት ይኑር። ላዩ ላይ 5 ኬቪኤ ተብሎ የተጻፈ ጄኔሬተር በተግባር ወደ 4,000 ዋት ነው የሚሰጠው፤ ከ3,000 በላይ አትጫኑበት። ከሰውና ከመድረክ 20 ሜትር ያህል አርቁት፣ ጭሱ ወደ ሕዝቡ እንዳይነፍስ የነፋሱን አቅጣጫ እዩ፣ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አታስነሱት፤ ጭሱ ይገድላል። እየሠራ ወይም ገና ትኩስ ሆኖ ቤንዚን አትጨምሩ። ማደያዎች በጀሪካን ለመቅዳት ደብዳቤ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ቤንዚኑን ከሳምንቱ መጀመሪያ አስቡበት። ቅዳሜ ማታ አስነሱትና ለግማሽ ሰዓት ሳውንዱን በሱ ሞክሩ።

ሳውንድ ቼክ የሚደረገው ሰው ሳይገባ ነው፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት። ተራው፦ ከበሮ፣ ኪቦርድ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ መጨረሻ ድምፃውያን። ስፒከሮቹ ከማይኮቹ ቀደም ብለው፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው ይቁሙ። ማይክ ከስፒከር ፊት ከሄደ ይጮኻል።

ማሲንቆ ላይ ተጠንቀቁ። ሳጥኑ በቆዳ የተወጠረ ስለሆነ ከሞኒተሩ (ለተጫዋቹ ለራሱ ከሚያሰማው ስፒከር) የሚመጣውን ድምፅ መልሶ ያነሳል፣ ከዚያ ጩኸት ይጀምራል። ማይኩን ከቆዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ በማቆሚያ አቁሙት፣ የሱን ሞኒተር ዝቅ አድርጉ። መጮኽ ከጀመረ ሙሉውን ድምፅ አትዝጉት፤ መጨረሻ ላይ ከፍ ያደረጋችሁትን መስመር ብቻ መልሱት፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ዝናብ ሲመታው ማሲንቆና ዋሽንት አይሰሙም። ያኔ እነሱን አሳርፉና ኪቦርዱንና ከበሮውን አስገቡ። ክፍት ሜዳ ከሆነ ነፋሱ ማይኩ ውስጥ ይገባል፤ ስፖንጅ ይደረግበት። ትርፍ ጃክ፣ የማይክ ባትሪና ፕላስተር በአንድ ሳጥን ይቀመጥ፣ ሳጥኑን አንድ ሰው ይያዘው።

8. ትኬት፣ ቴሌብር፣ ጨረታ

ትኬት ቁጥር ይኑረው፣ ጉርድ ይኑረው። በ25 በ25 አስጠርዙና ሻጩ የስንት ቁጥር ጥራዝ እንደወሰደ ይፈርም። በየሳምንቱ አርብ ያልተሸጠውን ቁጠሩ፣ የተሸጠውን ወደ አካውንት አስገቡ። በመጨረሻው ቀን ልቆጥር ያለ ኮሚቴ የጠፋ ጥራዝ ማግኘት አይችልም።

በር ላይ በቴሌብር ለሚከፍል ሰው፣ ያሳየውን ስክሪንሾት አትመኑ። የሚታመነው በተቀባዩ ስልክ ላይ ከ127 የገባው መልእክት ነው። ስለዚህ የተቀባዩ ስልክ በር ላይ ካለው ሰው እጅ ይሁን፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ኔትወርክ ከተቋረጠ ጥሬ ብር ወይም ስምና ስልክ መዝግቦ ማስገባት ነው፤ ሰልፉን አታቁሙ።

ለጨረታ ድፎ ዳቦ፣ ሥዕል ወይም በግ ይበቃል። ጨረታው ኮንሰርቱ መሀል ላይ፣ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሁን፤ መጨረሻ ላይ ሰው ታክሲ እያሰበ ነው። አሸናፊው እዚያው ይክፈል። ቃል የገባ ካለ ስም፣ ስልክና የሚከፍልበትን ቀን ጽፎ ይፈርም። ቃል የተገባውን ከተሰበሰበው ጋር ደምራችሁ መድረክ ላይ አታስነግሩ፤ በኋላ የጎደለውን የምትመልሱት እናንተ ናችሁ።

9. ነገር ሲበላሽ

*ሙዚቀኛ ቀረ።* በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀጣዩን አስገቡ። ለዚህ ነው የመድረሻ ሰዓት ከመድረክ ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚቀድመው። ሕዝቡን "እየመጣ ነው" እያላችሁ አታቆዩ።

*መብራት ጠፋ።* ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አዝማሪው ያለ ማይክ ወደ ሕዝቡ መሀል ይውረድ። ብዙ ጊዜ የቀኑ ምርጥ አስር ደቂቃ ይሄ ይሆናል። መብራቱ ሲመለስ ሳውንድ ማኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምር።

*ሰው ሰክሮ መጣ።* ከበር አይግባ። ከገባ ደግሞ የሚያውቀው የሰፈር ሽማግሌ ትከሻውን ይዞ ያውጣው። ጥበቃ ሲገፋው ፀብ ይሆናል።

*ለቅሶ ገጠመ።* ይሄን ማንም አያስበውም፣ ስለዚህ በደንብ ልንገራችሁ። ድንኳኑና ወንበሩ ከእድር የተዋሳችሁት ከሆነ፣ በዚያ ቀን ሰው ቢሞት እድሩ መልሶ ይወስደዋል፤ የተገዛው ለዚያ ነው። ሁለተኛው ኮንሰርታችን ዕለት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ከሜዳው ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ አንድ አባት አርፈዋል። ኮሚቴው "ድምፁን ዝቅ አድርገን እንጀምር" በሚሉና በማይሉ ተከፍሎ ሲከራከር፣ ማሲንቆ የሚጫወቱልን ጋሼ መሣሪያቸውን በነጠላ ጠቀለሉት። "ልጆቼ፣ ዛሬ አይዘፈንም። ተነሱ ለቅሶ እንሂድ" አሉ። ሄድን። ድንኳኑን ከሜዳው ነቅለን ለቅሶ ቤት የተከልነው እኛው ነን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮንሰርቱ ተደረገ። የሟቹ ልጅ ጠዋት መጥቶ ወንበር ሲደረድር አየሁት። ሙዚቃው ሳይጀመር ወደ ቤቱ ሄደ፣ የትኬቱን ግን ከፍሎ ነበር።

ስለዚህ፦ ምትክ ቀን ገና ከመጀመሪያው ወስኑ፣ ደብዳቤው ላይም ትኬቱ ላይም "ለቅሶ ወይም ዝናብ ከገጠመ" ብላችሁ ጻፉት። ከሳውንድ አከራዩ ጋር ቀብዱ ለምትኩ ቀን እንዲያገለግል ቀድማችሁ ተፈራረሙ። የእድሩን ሰብሳቢ አንድ ቀን ሲቀር አናግሩ፣ በሰፈሩ በጠና የታመመ ሰው ካለ ይነግሯችኋል። ለቅሶው ሩቅ ከሆነና ቤተሰቡ ፈቅዶ ከላካችሁ ብቻ ቀጥሉ፤ ያውም ሽማግሌ ልካችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ።

10. ሒሳብ፣ በዚያው ማታ

ሳጥኖቹ ሦስት ሰው ባለበት ይከፈቱ። ከሦስቱ አንዱ ከሙዚቀኞቹ ወገን ይሁን። የትኬት፣ የሽልማት፣ የጨረታና የቴሌብር ገቢ ለየብቻ ይጻፍ፣ ሦስቱም ይፈርሙ። ጥሬ ብሩን ማታ ይዛችሁ ብቻችሁን በጨለማ አትሂዱ፤ በመኪና፣ ሦስት ሆናችሁ። ሰኞ ጠዋት ባንክ ይግባ።

ክፍያው ከአካውንቱ ቀጥታ ወደ ሕክምና ቦታው ይሂድ። ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ የታማሚዋን ስምና የካርድ ቁጥር ሸፍኑ፣ ከዚያ በየብሎኩ መግቢያ ለጥፉት። ግቡ 24 ሆኖ የደረሳችሁት 17 ከሆነ "17" ብላችሁ ጻፉ። የቀረውን ሰባት የሚሞላ ሰው ከዚያች ወረቀት ፊት ቆሞ ያነባል፣ እኛ ጋ ሁለቱን የሞላው በር ላይ ትኬት ይቆርጥ የነበረው ልጅ አባት ነው።

ለሙዚቀኞቹ ለእያንዳንዳቸው የደረሰኙን ፎቶ በቴሌግራም ላኩላቸው፣ ቃል የገባችሁትን ቪዲዮም ጨምሩ። ወንበሮቹን ቆጥራችሁ ለእድሩ መልሱ። የተሰበረውን በዚያው ሳምንት አስጠግኑ።